«ልቤን እግዚአብሔር ያውቃል» ስንል ምን እያልን ነው?

አንድ ሰው ጥፋቱ ሲነገረው ወሬውን ለመዝጋት የሚላት ነገር አለች። «ተወው፣ ልቤን እግዚአብሔር ያውቃል።» ከዚያ በኋላ ማን ምን ይላል? እግዚአብሔር ምስክር ተጠርቶ ክርክር መቀጠል ድፍረት ይመስላል። ያችኑ ቃል ደግሞ ያላደረገችው የተወራባት ሴት ቤቷን ዘግታ እያለቀሰች ትላታለች። ማስረጃ የላትም፣ የሚያምናትም የለም። የቀራት ይህ ብቻ ነው።

ሁለቱም የሚጠሩት አንድ ትምህርት ነው። ክርስቲያኖች እግዚአብሔር አንደበታችን ያላወጣውን፣ ሆድ ይፍጀው ብለን የተውነውን ሁሉ እንደሚያውቅ እናምናለን። ኦርቶዶክሱም፣ ካቶሊኩም፣ ፕሮቴስታንቱም በዚህ አይለያዩም። አብዛኞቻችን ግን ትምህርቱን የሰማነው ልጅ ሳለን፣ ያውም እንደ ማስፈራሪያ ነው። ስኳር በድብቅ ስንቅም «እግዜር ያይሃል!» ተባልን። ብዙ ሰው ካደገም በኋላ ከዚያ አላለፈም። ይህ ያሳዝነኛል። መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ይህን እምነት የሙጥኝ ያሉት ሰዎች በብዛት የተጨነቁ፣ ያለ ጥፋታቸው የተጠረጠሩና የወደቁ ናቸው። መሸሸጊያ ነበር የሆናቸው።

ከመሠረቱ እንጀምር። ነቢዩ ሳሙኤል ንጉሥ ሊቀባ ቤተ ልሔም ወደ እሴይ ቤት ሄደ። የመጀመሪያውን ልጅ ኤልያብን ሲያይ ቁመናው ማረከው። የተመረጠው ይህ ነው ብሎ አሰበ። እግዚአብሔር ግን «ሰው ፊትን ያያል፥ እግዚአብሔር ግን ልብን ያያል» አለው (1ኛ ሳሙኤል 16፥7)። ሰባት ልጆች በፊቱ አለፉ፤ አንዳቸውም አልነበሩም። የተመረጠው ዳዊት በግ ጥበቃ ላይ ነበር፤ አባቱ እንኳ ሊጠራው አላሰበም። እንግዲህ ሳሙኤል ተራ ሰው አይደለም፣ ነቢይ ነው። እሱም ቢሆን በዓይኑ ያየው ፊትን ብቻ ነው።

የዳዊት ልጅ ሰሎሞን ደግሞ ቤተ መቅደሱን ሲመርቅ ባቀረበው ጸሎት ላይ፣ የሰውን ልጆች ሁሉ ልብ የምታውቅ «አንተ ብቻ» ነህ አለ (1ኛ ነገሥት 8፥39)። ይህች «ብቻ» ወደ ኋላ ታስፈልገናለች።

በቤተ ክርስቲያን ደጋግመን የምንሰማት አነጋገር አለች፤ «ልብ ያሰበውን፣ ኩላሊት ያጤሰውን የሚመረምር አምላክ።» መነሻዋ እንደ ኤርምያስ 17፥10 ያለው ቃል ነው፤ «እኔ እግዚአብሔር ልብን እመረምራለሁ ኵላሊትንም እፈትናለሁ።» ለጥንት ዕብራውያን ልብ ሰው የሚያስብበትና የሚወስንበት ቦታ ነው። ኩላሊት ደግሞ ከዚያ ጠለቅ ብሎ ያለው፣ ምኞትና ስጋት የሚብላላበት ነው። ስለዚህ እግዚአብሔር የሚያውቀው ያሰብነውን ብቻ አይደለም። ገና ሐሳብ እንኳ ያልሆነውን፣ እኛው ራሳችን ያልነቃንበትን ጭምር ነው።

ኤርምያስ ከዚያው ቃል ቀደም ብሎ የሰው ልብ ከሁሉ ይልቅ ተንኮለኛ ነው ይልና «ማንስ ያውቀዋል?» ብሎ ይጠይቃል። ይህ ስለ ሌላ ሰው ልብ ብቻ የተጠየቀ አይመስለኝም። የራሳችንንም ይጨምራል። ለታመመ ጎረቤት ብር ስናዋጣ ስማችን በዝርዝሩ ላይ ከሌለ ለምን ቅር ይለናል? የሰጠነው በእርግጥ ለበሽተኛው ነበር? ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ፣ በራሴ ላይ የማውቀው ጥፋት የለም፤ በዚህ ግን አልጸድቅም፤ የሚፈርድብኝ ጌታ ነው ብሏል (1ኛ ቆሮንቶስ 4፥4)። ሕሊናው ባይወቅሰውም ሕሊናውን የመጨረሻ ዳኛ አላደረገውም።

እንግዲህ «ልቤን እግዚአብሔር ያውቃል» እያሉ ከጥፋት ማምለጥ እዚህ ላይ ይቆማል። አባባሉ እውነት ነው፤ ግን መዝጊያ አይሆንም። እግዚአብሔር ልቡን የሚያውቅለት ሰው፣ እግዚአብሔር ልቡን የሚያውቅበትም ሰው ነው። ወንድሙን የበደለ ሰው ይህን ካለ፣ ራሱን ለጥልቅ ምርመራ አቀረበ ማለት ነው። ቢያስተውለው ኖሮ ይቅርታ ለመጠየቅ ይቸኩል ነበር።

በስምዖን ቤት

እግዚአብሔር ሐሳባችንን አውቆ ምን ያደርግበታል? ለዚህ ጥያቄ ከሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 7 የተሻለ መልስ አላውቅም።

ስምዖን የሚባል ፈሪሳዊ ጌታን ለማዕድ ጋበዘው። በከተማው ኃጢአተኛ ተብላ የምትታወቅ ሴት የሽቶ ብልቃጥ ይዛ ገባች። ከኋላው በእግሩ አጠገብ ቆማ አለቀሰች። እንባዋ እግሩን አራሰው። በጠጉሯ አበሰችው፣ ሳመችው፣ ሽቶውን ቀባችው። ስምዖን ምንም አልተናገረም። እንግዳ ጋብዞ ምን ይላል? በልቡ ግን «ይህስ ነቢይ ቢሆን ይህች የምትዳስሰው ሴት ማን እንደ ሆነች ባወቀ ነበር» ብሎ አሰበ።

በዚህ ሐሳብ ውስጥ ያለውን ግምት ተመልከቱት። ለስምዖን ማወቅ ማለት ማራቅ ነው። ቢያውቃት ኖሮ አያስነካትም ነበር ነው ነገሩ። ስለ እግዚአብሔር እኛም በሆዳችን የምንይዘው ፍርሃት ይኸው ነው። በእርግጥ ማን እንደሆንኩ ቢያውቅ አያስጠጋኝም እንላለን።

ጌታ ላልተነገረው ሐሳብ መልስ ሰጠ። «ስምዖን ሆይ፥ የምነግርህ ነገር አለኝ» አለው። በስሙ ነው የጠራው። ሐሳቡን በእንግዶች ፊት አውጥቶ አላሳፈረውም። አንድ ታሪክ ነገረው። ለአንድ አበዳሪ ሁለት ተበዳሪዎች ነበሩት፤ በአንዱ ላይ 500 ዲናር፣ በሌላው ላይ 50 ዲናር። አንድ ዲናር በዚያ ዘመን የቀን ሠራተኛ የአንድ ቀን ደመወዝ ነው፤ 500 ማለት ከአንድ ዓመት በላይ የሚለፉበት ገንዘብ ነው። ሁለቱም መክፈል ሲያቅታቸው ዕዳውን ተወላቸው። አበዳሪውን አብልጦ የሚወደው የትኛው ነው? ስምዖን ብዙ የተተወለት ይመስለኛል አለ። ትክክል ፈረድህ ተባለ።

ከዚያ በኋላ ነው «ይህችን ሴት ታያለህን?» የመጣው። ቤትህ ስገባ ለእግሬ ውኃ አላቀረብክልኝም፤ እሷ በእንባዋ አራሰችኝ። አልሳምከኝም፤ እሷ መሳሟን አላቋረጠችም። ራሴን ዘይት አልቀባኸኝም፤ እሷ እግሬን ሽቶ ቀባችኝ።

በዚያች ማዕድ ላይ ጌታ የሴትየዋን ያለፈ ሕይወት ያውቃል። በልቧ ያለውን ፍቅርም ያውቃል። የስምዖንንም ሐሳብ ያውቃል። ሴትየዋን ስላወቃት አላራቃትም። ስምዖንንም እንዲሁ፤ ሐሳቡን አወቀበትና ሊያስተምረው ጊዜ ሰጠው። ሁለቱም የታወቁ ነበሩ። ልዩነታቸው እሷ መታወቋን ታውቃለች፣ እሱ አያውቅም።

አሁን ወደ ሌላው ጎን እንሂድ። ሐና የምትባል ልጅ ያጣች ሴት ነበረች። ጣውንቷ ታስቆጣታለች። ሴሎ ወደነበረው ቤተ መቅደስ ሄዳ ጸለየች፣ ድምፅ ግን አላወጣችም፤ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር። ካህኑ ዔሊ በመቃኑ አጠገብ ተቀምጦ አፏን ያያል። የሰከረች መሰለው። ስካርሽ እስከ መቼ ነው አላት። እሷም የወይን ጠጅ አልጠጣሁም፣ ልቧ ያዘነባት ሴት ነኝ፣ በእግዚአብሔር ፊት ነፍሴን አፈሰስሁ ብላ መለሰችለት።

ዔሊ ክፉ ሰው አልነበረም። በኋላ «በደኅና ሂጂ» ብሎ መርቋታል። በዓይኑ ያየውን ነበር የተናገረው፤ በቂ ግን አልነበረም። በዚያች ሰዓት የሐናን ጸሎት የሰማ አንድ ብቻ ነው። ንግግር ለማያውቁ፣ ኀዘን አፋቸውን ለያዘው፣ ሲጸልዩ ቃል ለሚጠፋባቸው ሰዎች ከዚህ የሚበልጥ ምን አለ? ጳውሎስም እንዴት እንድንጸልይ እንደሚገባን ባናውቅ መንፈስ ራሱ በማይነገር መቃተት ይማልድልናል፤ ልብን የሚመረምረውም የመንፈስ አሳብ ምን እንደሆነ ያውቃል ይላል (ሮሜ 8፥26-27)።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሚነካው ግን ጴጥሮስ ነው። ጌታ ጴጥሮስ እንደሚክደው አስቀድሞ ነገረው፤ እምነትህ እንዳይጠፋ ስለ አንተ ለመንሁም አለው። ካደ፣ ያውም ሦስት ጊዜ። ከትንሣኤ በኋላ በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ጌታ «ትወደኛለህን?» ብሎ ሦስት ጊዜ ጠየቀው። ጴጥሮስ ምን ማስረጃ ያቅርብ? ሥራው ይመሰክርበታል። «ጌታ ሆይ፥ አንተ ሁሉን ታውቃለህ፤ እንድወድህ አንተ ታውቃለህ» አለ። ሥራው ያላሳየውን ፍቅር የሚያውቅ አንድ ዳኛ ብቻ ነበርና ወደ እሱ ይግባኝ አለ። ዮሐንስም በመልእክቱ ልባችን ሲፈርድብን እግዚአብሔር ከልባችን ይልቅ ታላቅ ነው፣ ሁሉንም ያውቃል ብሎ ጽፏል (1ኛ ዮሐንስ 3፥20)። አስተውሉ፤ «ሁሉንም ያውቃል» እዚህ የተጻፈው ለማጽናናት ነው።

ሌላስ ልብን የሚያውቅ አለ?

አንዳንድ ምዕመናን ሰይጣን ሐሳቤን ያነብበዋል ወይ ብለው ይጨነቃሉ። እንዳይሰማ ብለው በልባቸው ብቻ የሚጸልዩም አሉ። የቤተ ክርስቲያን አባቶች መልስ ግልጽ ነው። ልብን የሚያውቅ እግዚአብሔር «ብቻ» ነው፤ የሰሎሞንን ቃል አስታውሱ። በግብፅ በረሃ የነበሩ መነኮሳትን ትምህርት የጻፈው ዮሐንስ ካስያን፣ አጋንንት የሰውን ሐሳብ የሚገምቱት ከውጭ በሚታይ ምልክት ነው የሚለውን ትምህርት አቆይቶልናል። ፊታችንን፣ ንግግራችንን፣ ምን እንደሚስበን ያያሉ፤ ከዚያ ይገምታሉ። ለብዙ ዘመን ሰውን ስላጠኑ ግምታቸው ሊሰምር ይችላል። ወደ ልብ ውስጥ ግን አይገቡም። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ቶማስ አኩዊናስም መላእክት እንኳ የልብን ሐሳብ በራሳቸው አያውቁም ብሎ አስተምሯል።

ሰዎችስ? ነቢዩ ኤልሳዕ አገልጋዩ ግያዝ በድብቅ ያደረገውን አውቋል። ጴጥሮስ የሐናንያን ውሸት አውቋል። ይህ ግን እግዚአብሔር ለአንድ ጉዳይ የገለጠው እንጂ የነቢዩ የራሱ ችሎታ አይደለም። ለዚህ ማስረጃው ኤልሳዕ ራሱ ነው። ልጇ የሞተባት ሱነማዊት ሴት መጥታ እግሩን ስትይዝ፣ ነፍሷ አዝናለች፣ እግዚአብሔርም ይህን ከእኔ ሰውሮታል፣ አልነገረኝም አለ (2ኛ ነገሥት 4፥27)። ትልቁ ነቢይ አላውቅም ለማለት አላፈረም።

ይህን የማነሳው በአገራችን ጉዳዩ የብዙ ሰው ቤት እያፈረሰ ስለሆነ ነው። «ልብሽ ውስጥ ያለውን አያለሁ» የሚል ሰው በአዳራሽም፣ በጸበል ቦታም፣ በቲክቶክም ሞልቷል። ነቢይ ነኝ፣ ባሕታዊ ነኝ፣ አጥማቂ ነኝ ይላል። አንዷን እህት «መንገድሽን የዘጋችው የባልሽ እናት ናት» ይላታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ አማትና ምራት አይነጋገሩም። ገንዘቡም ይሄዳል፣ ሰላሙም ይሄዳል። የእግዚአብሔርን «ብቻ» ለሰው አሳልፈን ስንሰጥ የሚሆነው ይህ ነው። እኛም ብንሆን «አውቆ ነው የዘጋኝ»፣ «በቅናት ነው» እያልን የሰውን ልብ ፈርደን የምንዘጋበት ጊዜ ብዙ ነው። ዔሊን ማስታወስ ደግ ነው።

ካወቀ ለምን እንጸልያለን?

ጌታ ራሱ ጥያቄውን ቀድሞ አንሥቶታል። ሳትለምኑት አባታችሁ የሚያስፈልጋችሁን ያውቃል አለ (ማቴዎስ 6፥8)። በሚቀጥለው ቁጥር ታዲያ ምን አለ? ስለዚህ አትልፉ አላለም። «እንግዲህ እናንተስ እንዲህ ጸልዩ፤ አባታችን ሆይ» አለ። ለእሱ ማወቅ ጸሎትን አያስቀርም። ጸሎት ረጅም መሆን የለበትም፣ እግዚአብሔርንም ማስረዳት የለበትም ማለቱ ነው። የሰሜን አፍሪካው ጳጳስ አውግስጢኖስ ፕሮባ ለምትባል መበለት በጻፈው ደብዳቤ ይህንኑ መልሷል። የምንጸልየው ፈቃዳችንን ልናሳውቀው አይደለም፤ ሊሰጠን ያዘጋጀውን እንድንቀበል ምኞታችን እንዲሰፋ ነው።

ንስሐም እንዲሁ ነው። አዳም በዛፎች መካከል ሲሸሸግ እግዚአብሔር «ወዴት ነህ?» አለው። የት እንዳለ ጠፍቶት አልነበረም። አዳም ራሱ የት እንዳለ እንዲናገር በር ከፈተለት። በኦርቶዶክሱ ለንስሐ አባት መናዘዝ፣ በሌላውም ቤት በእግዚአብሔር ፊት ኃጢአትን በስሙ ጠርቶ መናገር ለእግዚአብሔር አዲስ ወሬ አይደለም። የተደበቀው ከኛ ነው። መዝሙር 139ን (በግዕዙ ዳዊት 138) ከዳር እስከ ዳር አንብቡት። «አቤቱ፥ መረመርኸኝ፥ አወቅኸኝም» ብሎ ይጀምራል። መጨረሻው ላይ «አቤቱ፥ መርምረኝ ልቤንም እወቅ» ይላል። አስቀድሞ የታወቀ ሰው እወቀኝ ብሎ ይለምናል። መጀመሪያ ላይ ከፊትህ ወዴት እሸሻለሁ ያለው ሰው፣ መጨረሻ ላይ ራሱ በሩን ይከፍታል።

ነገ የማስበውን ዛሬ ካወቀ ነፃ ፈቃዴ የታለ የሚል ጥያቄም አለ። ሰፊ ክርክር ነው፤ እዚህ አንጨርሰውም። ብዙ መምህራን የሰጡት መልስ፣ ማወቅ ማስገደድ አይደለም የሚል ነው። እንጦጦ ላይ የቆመ ሰው ቁልቁል ሲያይ በመንገዱ ላይ ቀድሞ ያለፈውንም ገና የሚመጣውንም በአንድ ጊዜ ያየዋል፤ ስላየው ግን ማንንም አላስኬደም። እግዚአብሔርም ዘመንን ሁሉ እንዲህ በአንድነት ያያል ይላሉ።

ሳልፈልገው ስለሚመጣ ክፉ ሐሳብ

ይህን ለብቻው ያስቀረሁት ብዙ ሰው በዝምታ የሚሠቃይበት ስለሆነ ነው። ቅዳሴ ላይ ቆሞ የቤት ኪራይ ማሰብ የተለመደ ነው፤ ካህኑ «አልዕሉ አልባቢክሙ»፣ ልባችሁን ከፍ አድርጉ ሲሉ መልሶ መሰብሰብ ነው። እኔ የምለው ከዚያ የከፋውን ነው። ጸሎት ላይ በእግዚአብሔር ወይም በእመቤታችን ላይ የስድብ ሐሳብ የሚመጣበት አለ። ሕፃን ታቅፋ አስፈሪ ነገር ውል የሚልባት እናት አለች። ሰውየው ሐሳቡን ይጠላዋል፤ ሐሳቡ ግን ይመጣል። ከዚያ «ይህን እግዚአብሔር አይቶብኛል፣ አለቀልኝ» ብሎ ከቁርባን ይርቃል፣ ጸሎት ያቆማል።

የበረሃ አባቶች በሐሳብ መምጣትና ሐሳብን በመቀበል መካከል ልዩነት አበጅተዋል። ሐሳብ በር ያንኳኳል፤ ማንኳኳቱ ኃጢአት አይደለም። ኃጢአት የሚሆነው ወድደን ስናስገባው፣ ስናስቀምጠውና ስናጫውተው ነው። ጌታ ሴትን አይቶ የተመኘ በልቡ አመነዘረ ሲል የተናገረው ወድዶ ስለሚመኝ ዓይን እንጂ ድንገት ውል ስላለ ሐሳብ አይደለም። ጌታም ራሱ በበረሃ ተፈትኗል፤ ፈታኙ ሐሳብ አቀረበለት፣ አልተቀበለውም፣ ያለ ኃጢአት ነው። ኩላሊትን የሚመረምር አምላክ የመጣውን ሐሳብ ብቻ አያይም፤ ሐሳቡን እንደጠላነውም ያያል። ልብን አጣርቶ የሚያውቅ ዳኛ ማግኘት እዚህ ላይ ነው የሚጠቅመው። ሰው ግን ይህን አያጣራም፣ እኛም በጭንቀት ሰዓት አናጣራም።

በ7ኛው ክፍለ ዘመን በግብፅ የደብረ ሲና ገዳም አበምኔት የነበረው ዮሐንስ ክሊማኮስ የአንድ መነኩሴን ታሪክ ጽፏል። መነኩሴው 20 ዓመት በስድብ ሐሳብ ተሠቃየ። ጾመ፣ ተጋ፣ ምንም አልረዳውም። ለሰው በአፉ መናገር ደግሞ አፈረ። በመጨረሻ በወረቀት ጽፎ ለአንድ ሽማግሌ አባት ሰጠና በግንባሩ ተደፋ። ሽማግሌው አነበቡት፣ ፈገግ አሉ፣ አነሡት። «ልጄ፣ እጅህን አንገቴ ላይ አድርግ» አሉት። አደረገ። «ይህ ኃጢአት በኔ አንገት ላይ ይሁን፤ እስከ ዛሬ የቆየብህም ወደፊት የሚመጣብህም። አንተ ግን ከእንግዲህ ከቁም ነገር አትቁጠረው» አሉት። መነኩሴው ከክፍላቸው ሳይወጣ ሐሳቡ ለቀቀው።

ሽማግሌው ተጨማሪ ጾም አላዘዙም። ከሐሳቡ ጋር ተከራከር አላሉም። ከዚህ የምንማረው ነገር አለ። እንዲህ ያለ ሐሳብ ሲመጣ መታገሉ፣ «ለምን አሰብኩት?» እያሉ ወደ ኋላ መመርመሩ፣ ጸሎቱን ከመጀመሪያው እየደጋገሙ ማስተካከሉ ያባብሰዋል። የጀመሩትን ጸሎት ሳያቋርጡ መቀጠል ይሻላል።

አንድ ነገር ልጨምር። የማይፈልጉት ሐሳብ እየተመላለሰ የሚያስጨንቅበት፣ ሰውም ለመረጋጋት አንድን ነገር መቶ ጊዜ የሚደጋግምበት የታወቀ የአእምሮ ሕመም አለ። በሃይማኖተኛ ሰው ላይ ብዙ ጊዜ የኃጢአትና የስድብ መልክ ይይዛል። ሕክምና አለው፤ በምክርም በመድኃኒትም ይታከማል። እንቅልፍ የሚነሳ፣ ሥራ የሚያስተው ከሆነ የአእምሮ ሐኪም ጋ መሄድ እምነት ማጣት አይደለም። የንስሐ አባትም ሆነ መጋቢ ካላችሁ ደግሞ ንገሯቸው። በአፍ መናገሩ የሚያሳፍር ከሆነ፣ መነኩሴው እንዳደረገው ጽፎ መስጠት ይቻላል።